«ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ ከምርመራ ክፍላችን ይውጣ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የዓለም የኤድስ ቀን የሚከበርበት ኅዳር 22 ቀን በመጣ ቁጥር በደሴም በኮምቦልቻም ቀይ ሪባን ይሰቀላል፤ በድምፅ ማጉያ «ተመርመሩ፣ ራሳችሁን እወቁ» ይባላል፤ ድንኳን ተተክሎ ከጣት ደም ይወሰዳል፤ በማግሥቱ ድንኳኑ ይነቀላል። እኔ ከሃያ ዓመታት በላይ በነርስነት ያገለገልሁ፣ አብዛኛውንም ዘመን በኤችአይቪ የምክርና የምርመራ ክፍል ያሳለፍሁ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ዓመት በዓመት ስቀመጥ ያስተዋልሁት፣ ከፊቴ የሚሰለፉት በአብዛኛው ውጤታቸው ብዙም የማያሰጋቸው ሰዎች መሆናቸውን ነው። ተማሪው ይመጣል፤ የተጫጩት ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ወረቀት ስለሚጠይቃቸው ተያይዘው ይመጣሉ፤ ነፍሰ ጡሯ በእርግዝና ክትትሏ ቀድማ ተመርምራለች። መምጣት የነበረበት ሰው ግን ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ድንኳኑን ያያል፤ የሚያውቀው ሰው ከውስጥ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላም እንኳ ሳይገባ ያልፋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ስለዚያ ሰው፣ ይልቁንም ስለ ወንዱ ነው።

ለዓመታት ስንሰብክ የኖርነው ሰው የማይመረመረው ስለማያውቅ ነው እያልን ነው፤ ስለዚህም ፖስተር እንለጥፋለን፣ ድራማ እናሠራለን፣ በራሪ ወረቀት እንበትናለን። ሥራው ከንቱ ነበር አልልም፤ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን በሙያ ዘመኔ መጨረሻ የደረስሁበት እምነት ሌላ ነው። ዛሬ ወንዶቻችንን ከምርመራ ክፍል የሚያስቀራቸው ኀፍረትና ፍርሃት ነው፤ ኀፍረቱንም ከሚያጠነክሩት ነገሮች ዋነኛው እኛው ባለሙያዎች፣ እኛው ጎረቤቶች፣ እኛው ሚስቶችና እናቶች የምንጠይቀው «ከየት አመጣኸው?» የሚል ጥያቄ ነው።

ኮምቦልቻ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ያልፍባታል፤ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም ከዚሁ ይነሳል፤ ደረቅ ወደቡም፣ ፋብሪካዎቹም፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚሁ ነው። አንድ የቦቴ ሾፌር አስታውሳለሁ። አመሻሽ ላይ፣ ክፍሉን ልዘጋ ስል ገባና «ሲስተር፣ ግፊቴን ለኪልኝ» አለኝ። ለካሁለት፤ ደህና ነበር፤ ነገር ግን አልተነሳም። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ላይ እያዞረ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኤችአይቪ ፖስተር ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። «ያንንስ ለምን አላይልህም?» ብለው፣ «ሚስቴ ስታረግዝ ተመርምራ ነፃ ተብላለች፤ የእሷ ወረቀት የእኔም ወረቀት ነው» አለኝ። በዚህ መሐል የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ገባች፤ ለካ የሰፈሩ ልጅ ኖራለች። ሾፌሩ ቁልፉን ጨብጦ ተነሣ። «አብሽሪ ሲስተር፣ ስመለስ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

«የእሷ ወረቀት የእኔም ወረቀት ነው» የሚለውን ቃል ከስንት ባል አፍ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ባልና ሚስት አብረው እየኖሩ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት መሆኑ በየጤና ተቋሙ በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ውጤት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም። ሾፌሩ ይህን አጥቶት አይደለም። ፖስተሩ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። የሚስቱን ወረቀት እንደ ጋሻ የያዘው ከውጤቱ በፊት የሚመጣውን ዓይን፣ ከውጤቱ በኋላም የሚመጣውን ጥያቄ ስለፈራ ነው።

ይህ ኀፍረት ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለን በሀገራችን በ2010 ዓ.ም. ከተሞች ውስጥ ቤት ለቤት በተካሄደው ሰፊ ጥናት ላይ በግልጽ ይታያል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑ የከተማ ነዋሪዎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 3 በመቶ ሲሆኑ፣ በሴቶች 4.1፣ በወንዶች 1.9 በመቶ ነበር። ከእኔ ሙያ አንፃር ትልቁ ነገር ግን የሚቀጥለው ቁጥር ነው። ቫይረሱ ከተገኘባቸው መካከል መኖሩን የሚያውቁት 79 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካወቁት መካከል ግን 97 በመቶ ያህሉ መድኃኒት ጀምረዋል፤ መድኃኒት ከጀመሩት ውስጥም 88 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ የወሰደም ይሻለዋል። ሰንሰለቱ የተበጠሰው በመጀመሪያው ቀለበት ላይ፣ በዚያ የጣት ደም በሚወሰድበት ወንበር ላይ ነው።

ወንበሩ ደግሞ ዛሬ እንደ ድሮው የሞት ወንበር አይደለም። እኔ ሥራ ስጀምር ለሰው «አለብህ» ብለን የምንሰጠው ምክር እንጂ መድኃኒት አልነበረንም፤ ያን ዘመን ያየ ሰው ሌሊት ይባንናል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ በቀን የሚዋጠው እፍኝ ሙሉ ክኒን ቀርቶ ለአብዛኛው ታካሚ አንድ ፍሬ ሆኗል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው የአውሮፓ ጥናት አንደኛው ቫይረሱ ያለበት ሌላኛው የሌለበት 782 የወንድ ለወንድ ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ያለ ኮንዶም ከተፈጸመ ከ76 ሺህ በላይ ግንኙነት ውስጥ መድኃኒቱን በአግባቡ ይወስድ ከነበረው ጓደኛ የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኘም። ባልና ሚስትን የተመለከቱት ቀደምት ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው። ይህን እያወቅን ሰው ለምን ይሸሻል?

ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ ያገኘሁት ከእኛ እጅግ ርቆ ስለሚኖር ሕዝብ ከተጻፉ ጥናቶች ነው። አንባቢ እንዳይደነግጥብኝ አስቀድሜ ልናገር፤ ጥናቶቹ የተካሄዱት ጥቁር አሜሪካውያን በሆኑና ከወንድ ጋር ወይም ከወንድም ከሴትም ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በአምስት ከተሞች ያካሄደውን ጥናት ውጤት ሲያወጣ፣ ከእነዚህ ጥቁር ወንዶች መካከል 46 በመቶ የሚሆኑት ቫይረሱ ተገኝቶባቸው ነበር፤ ከተገኘባቸው ውስጥ ደግሞ 67 በመቶ የሚሆኑት መኖሩን አያውቁም ነበር። ይኸው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ስሌት፣ የመያዙ ፍጥነት በዚያው ከቀጠለ እንዲህ ካሉት ሁለት ጥቁር ወንዶች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ቫይረሱ ሊይዘው እንደሚችል ሲገምት፣ በተመሳሳይ ሕይወት ውስጥ ላሉ ነጮች ግምቱ ከ11 አንድ ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ የሰው የመጀመሪያ ፍርድ «የሥራቸው ውጤት ነው» የሚል ነው። እነ ግሬግ ሚሌት የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ጥቁሮቹ ወንዶች ከነጮቹ የበለጠ የግንኙነት ጓደኛ ወይም ያነሰ የኮንዶም አጠቃቀም እንደሌላቸው አገኙ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ዘግይተው በመመርመራቸው፣ የጤና መድን በማጣታቸው፣ መድኃኒት ቶሎ ባለመጀመራቸው፣ ቫይረሱ ቀድሞ በሰፋበት ጠባብ ማኅበረሰብ ውስጥ ተዘግተው በመኖራቸው። ከዚህም ጋር ልብ ውስጥ የሚቀመጠው ነገር አለ። በቆዳው ቀለም ከውጭ የተገፋ ሰው፣ በማንነቱ ምክንያት ደግሞ ከገዛ ቤቱና ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገፋ፣ ራሱን መጥላት ይጀምራል፤ ድብርት ይጫነዋል፤ ብቸኝነቱ ይበረታል፤ ለነገ የማይሳሳለት ሰው ደግሞ ዛሬ ጣቱን ለመርፌ የሚዘረጋበት ምክንያት አያገኝም።

በሐኪም ላይ ያላቸው ጥርጣሬም ከባዶ የመጣ አይደለም። በአላባማ ግዛት በተስኪጊ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 የመንግሥት የጤና አገልግሎት 600 ጥቁር ወንዶችን፣ ከእነርሱም 399 ቂጥኝ የያዛቸውን፣ እውነቱን ሳይነግራቸው የበሽታውን አካሄድ ለማየት ብቻ ተከታተላቸው፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽነቱ ከታወቀ በኋላም እንዳይታከሙ ተደረገ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። አያቱ እንዲህ የተደረገበት ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ከጥናቶቹ ሁሉ ልቤን የነካው ግን የሚያስመረምረው ነገር ነው። የሚቀበለው ሰው ያለው፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ራሱን ሳይደብቅ የሚናገር ወንድ ለመመርመር ይቀለዋል። ከወላጆቻቸው ቤት የተባረሩ ብዙ ጥቁር ወጣቶች በትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች «ቤት» የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ቤቱ የራሱ «እናት»ና «አባት» አለው፤ በዳንስና በአልባሳት ውድድር ይገናኛሉ። የጤና ሠራተኞችም ይህን አይተው መመርመሪያውን ይዘው ወደ ውድድሩ አዳራሽ ሄዱ። ወጣቱ «እናቴ» የሚላት ሰው «ና አብረን እንመርመር» ስትለው እጁን ይሰጣል። ቅሬ (እድር) እያለን፣ ቡና ተጠራርተን አቦል ቶና በረካ እየጠጣን ለኖርን ወሎዬዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰው በሰው እንደሚቆም እናውቃለን። ያልጠየቅነው፣ ለዚህ ነገር ሲሆን ቅሬው ከማን ጋር ይቆማል የሚለውን ነው።

አሁን ለብዙ ዓመት በልቤ ይዤው የኖርሁትን ልናገር። ማንነቱን የሚጠቁመውን ሁሉ ትቻለሁ። አንድ ወጣት መመርመር እፈልጋለሁ ብሎ መጣ። የተማረ፣ ንጹሕ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ልጅ ነው። ቅጼን አወጣሁና እንደ ልማዴ ጠየቅሁት፤ ሚስት አለህ? የለኝም። የሴት ጓደኛ? የለኝም። ባለፉት ስድስት ወራት ከስንት ሴት ጋር ግንኙነት አደረግህ? ከማንም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ፈገግ አልሁለትና «እንዳንተ ያለውን ጨዋ ልጅ ያብዛልን፤ ታዲያ ምን አስጨነቀህ?» አልሁት። እሱም ፈገግ አለ። «እንግዲያው ይቅር ሲስተር» ብሎ ተነሣ፤ እኔም ወረፋ ነበረብኝና ሸኘሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እህቱ ደግፋ አመጣችው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ሰውነቱ አልቆ፣ የበሽታ መከላከል አቅሙን የሚያሳየው ሲዲ4 እጅግ ወርዶ ነበር። ኤችአይቪው የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ለነቀርሳውም ለኤችአይቪውም መድኃኒት ጀመረ፤ አምላክ ይመስገን ተረፈ። ከብዙ ወራት በኋላ መድኃኒቱን ሊወስድ መጥቶ፣ በሩ መዘጋቱን አይቶ፣ እንዲህ አለኝ፤ «ሲስተር፣ ያኔ የጠየቅሽኝ ስለ ሴቶች ብቻ ነበር፤ እኔም አልዋሸሁሽም። ጨዋ ልጅ ስትይኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን ልልሽ እችላለሁ?»

የምመልስለት ቃል አጣሁ። በስድብ የተዘጋ በር አይቻለሁ፤ በምርቃት የተዘጋ በር ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፤ የዘጋሁትም እኔው ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመው፣ ሊሞትም የደረሰው፣ ቅጼ ላይ እሱን የሚያስገባ አንድ ቃል ስላልነበረ፣ እኔም መልሱን ሳልሰማ ስለመረቅሁት ነው። ያን ቀን ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። ከማን፣ እንዴት፣ መቼ አላልሁም። መድኃኒቱን አስረከብሁት፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፍሁለት።

ሕጋችን በአንድ ፆታ መካከል የሚደረገውን ግንኙነት ወንጀል አድርጎ እንደደነገገ፣ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ እኔም በዚሁ ሀገር ተወልጄ ያደግሁ ምእመን ነኝ። ይህ ደብዳቤ የሕግ ክርክር ለማንሣት አልተጻፈም። ነገር ግን ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ሰው ታካሚ እንጂ ተከሳሽ አልነበረም፤ እኔም ነርስ እንጂ መርማሪ አልነበርሁም። ሙያዬን ስጀምር የገባሁት ቃል ሰውን እየመረጥሁ እንድረዳ አይፈቅድልኝም። እንዲህ ያለ ሰው የለም ብለን ብንምል እንኳ ቫይረሱ መሐላችንን አይሰማም። ብዙዎቹ በቤተሰብ ግፊት ሚስት ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ ሳይመረመሩ ሲቀሩ ነገሩ እኛ ትክክለኛ በምንለው ትዳር ውስጥ፣ ምንም በማታውቅ ሴት አካል ውስጥ ይገባል። እነሱን ከበሩ መመለስ ማንንም አይጠብቅም።

ጥያቄው ደግሞ እነሱን ብቻ አይደለም የሚያባርረው። ሾፌሩን ያባርራል፤ የቀን ሠራተኛውን፣ አስተማሪውን፣ የቅሬውን ዳኛ ያባርራል። ሴቷ «ማን አስያዘሽ?» ስትባል ቢያንስ የሚያዝንላት ሰው ይገኛል፤ ወንዱ ሲጠየቅ ግን መልሱን ጠያቂው አስቀድሞ ይዞታል፤ ዘማዊ ነው። በእኛ ባህል ወንድ ልጅ አይታመምም፣ አይፈራም፣ አያለቅስም፤ ታሞ የሚመጣው ጉልበቱ ሲከዳው ነው። ለዚህ ነው በመድኃኒት ክፍላችን ወንዶቹ ዘግይተው፣ ተጎድተው፣ በሰው ተደግፈው የሚመጡት። አንዳንዱም ካወቀ በኋላ ለሚስቱ መንገር ይሳነዋል፤ ቤቱ እንዳይፈርስ ብሎ መድኃኒቱን በጋቢና ሥር ደብቆ ይይዛል።

የመደበቁን ነገር ካነሣሁ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከመድኃኒት መስጫው በር ውጭ፣ ከአጥሩ ሥር፣ የተቀደደ ነጭ ወረቀት ዘወትር ይጠራቀማል። ታካሚዎች ከብልቃጡ ላይ ስሙን ልጠው የሚጥሉት ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ጥጥ ይዘው ይመጡና በብልቃጡ አፍ ይወትፉታል፤ ክኒኑ በታክሲ ውስጥ እንዳይንኳኳ ነው። ከሁሉ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የሐረጎ መንገድ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደሴው ሰው እንዳይታይ ኮምቦልቻ ወርዶ መድኃኒቱን ይወስዳል፤ የኮምቦልቻው ሰው እንዳይታይ ደሴ ወጥቶ ይወስዳል። ሁለቱ በሐረጎ ኩርባ ላይ በሁለት ሚኒባስ ይተላለፋሉ፤ ሁለቱም ከሥራቸው ቀርተው፣ ሁለቱም ለትራንስፖርት ከፍለው፣ ሁለቱም በቤታቸው አጠገብ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፈው ነው የሚሄዱት። ዝናብ ሲያይል፣ ገንዘብ ሲያጥር ቀጠሮ ይዘላል፤ መድኃኒት ይቋረጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ሲደርስ፣ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ሰው ብልቃጡን እንኳ ሳያነሣ ተሰደደ። ያኔ አንድ ቅሬ ውስጥ ያሉ፣ በአንድ ድንኳን ሽንኩርት ሲከትፉ የኖሩ ሁለት ሴቶች በስደት ላይ ተጠጋግተው ሲያንሾካሹኩ፣ ለዓመታት አንድ ዓይነት መድኃኒት እየዋጡ አንዳቸው ከሌላቸው ሲደባበቁ እንደኖሩ ተረዱ፤ የተረፈችውንም ክኒን ተካፈሉ። ይህን ያጫወተችኝ አንደኛዋ ናት። «እሷን ቀደም ብዬ ባውቃት ኖሮ ያን ያህል ዓመት ብቻዬን ባላለቀስሁ» አለችኝ።

እኛ የደሴ ዙሪያ ሰዎች በበሽታ ማፈርን በኤችአይቪ አልጀመርነውም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መጠጊያ በነበረበት ዘመን፣ ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ከወንዝ ማዶ ተወስዶ ጎጆ ይቀለስለት እንደነበር አያቶቻችን ነግረውናል። ሰውየው በሽታውን የሚደብቀው ምልክቱ ጣቱን እስኪበላው ነበር፤ ቀድሞ ቢታከም ግን ጣቱም አይሄድም ነበር። ዛሬ ሥጋ ደዌ በመድኃኒት እንደሚድን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ስም ለመጥራት ዛሬም ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ አለ። ኀፍረት ከበሽታው ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ ተምሬያለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ከሁሉ በፊት ያልሁትን እደግማለሁ፤ «ከየት አመጣኸው?» የሚለው ጥያቄ በማንኛውም መልኩ ከምርመራ ክፍል ይውጣ። ለሥራው የሚያስፈልገን የግንኙነት ጓደኞቹ መጥተው እንዲመረመሩ ማድረግ ነው፤ ይህም በፈቃዱ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ፣ ውጤቱን ከተቀበለና ከተረጋጋ በኋላ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ቅጹም ሲጠይቅ «ሴት» ወይም «ሚስት» ብሎ አይጀምር፤ «የግንኙነት ጓደኛ» ማለት ይበቃል፤ መልሱን የሚያውቀው ተመርማሪው ነው። ምርመራ የጠየቀን ሰው ደግሞ ምንም መለሰ ምንም ሳይመረመር አንሸኝ። እኔ በልጁ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ሌላ ነርስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልትሠራው ትችላለች፤ ደግ ሴት ሆና፣ ፈገግ ብላ።

ሁለተኛው የበሩ ነገር ነው። ክፍሉ ላይ «ኤችአይቪ» ብለን በትልቁ ጽፈን፣ ወንበሩን ከመተላለፊያው አጠገብ ደርድረን፣ ሰው ለምን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል እንላለን። ያ ሾፌር «ግፊቴን ለኪልኝ» ብሎ ሲገባ መንገዱን አሳይቶናል። ግፊትም፣ ስኳርም፣ ኤችአይቪም በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር፣ በአንድ ባለሙያ ቢታይ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ብትገባ እንኳ ለምን እንደመጣ አታውቅም። ሰዓቱም ይታሰብበት፤ ሾፌርና ረዳት፣ የፋብሪካ ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ጤና ጣቢያ ሊሰለፍ አይችልም። በመናኸሪያውና ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ቦታ በሳምንት ሁለት ምሽት መርማሪ ቢቀመጥ፣ ኅዳር 22 ከሚተከለው ድንኳን የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ለማንም መታየት የማይፈልገው ደግሞ ራሱን በራሱ የሚመረምርበት መሣሪያ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚመክረው ነው። በድዱ ላይ አሸት አድርጎ፣ በፈሳሹ ውስጥ ነክሮ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቆ ያነበዋል። ሁለት መስመር ቢያይ ያ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ በጤና ተቋም በሌሎች መመርመሪያዎች መረጋገጥ አለበት። አንድ መስመር ቢያይም፣ ያሰጋው ነገር የተፈጸመው ከሦስት ወር ወዲህ ከሆነ ደግሞ መመርመር ይኖርበታል። መሣሪያውን ስንሰጥ ግን ሰውየውን ብቻውን አንተወው። ሌሊት በቤቱ ሁለት መስመር ያየ ሰው የሚደውልለት የሰው ድምፅ ያስፈልገዋል፤ የሚያነሣውም ድምፅ «ከየት?» የማይል ይሁን።

የሃይማኖት አባቶቻችንን ደግሞ በክብር እለምናቸዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉን የሚጠመቅ ምእመን መድኃኒቱንም እንዲወስድ በይፋ ማስተማራቸው፣ ክኒናቸውን ጥለው ከነበሩ ሰዎች ስንቱን እንደመለሰልን እኔ ምስክር ነኝ። ሼሆቻችንም ለኒካህ ወረቀት ከመጠየቅ አልፈው፣ ከጁምዓ በኋላ «ወንድሜ፣ ታመህ ከሆነ ታከም፤ ነውርህን አላህ ይሸፍንልህ» ቢሉ፣ ድንኳን ፊት ያልቆመው ወንድ በዚያ ቃል ይነሣል። የሰውን ነውር መሸፈን በሁለቱም ሃይማኖቶቻችን የተወደደ ሥራ ነው።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። በጤና ዓምዳችሁ ከኅዳር ወር ውጭም በደሴና በኮምቦልቻ በምሽትና በእሑድ የሚመረምሩትን ጤና ጣቢያዎች ስምና ሰዓት ብታወጡ፣ ከአጠገቡም ውጤት በምስጢር እንደሚያዝ፣ ማንም ከማን እንደያዘው እንደማይጠየቅ በአንድ መስመር ብትጽፉ፣ ጤና ጣቢያዎቹም በዚያ ቃል ይገደዳሉ፤ ጋዜጣውን በጋቢና ውስጥ የሚያነበው ሾፌርም በየትኛው ሰዓት በየትኛው በር እንደሚገባ ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር፣

ጡረተኛ ነርስ፣ ከኮምቦልቻ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ)